ልጄ ጠጅ ቤት አሳደረችኝ

በእኛ ጊዜ ጠጅ ቤት ያመሸ ወንድ እንኳ በማግስቱ የነፍስ አባቱን ላለማግኘት መንገድ ይቀይር ነበር። ሴት ከሆነችማ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ይኸው በስተርጅናዬ፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ በሚያቃስትበት ዕድሜ፣ አምጬ የወለድኳት ልጅ ገንዘቧን ከስክሳ ጠጅ ቤት አሳደረችኝ። መጠጡ ከታች፣ አልጋው ከላይ። ያውም ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ። «ስጦታ ነው እማዬ፤ ለንደን ታፍነሻል፣ ትንሽ የገጠር አየር ተቀበይ» አለችኝ። ገጠር ተወልጄ ያደግሁበት አይደለም እንዴ? ከገጠር ለመውጣት ስንት ዓመት ፊደል ቆጥሬ፣ ስንት ዓመት የሰው ልጅ ታሪክ አስተምሬ፣ የጡረታዬ መጨረሻ ተመልሶ በግ ማየት ሆነ።

በጉን አልጠላሁትም። ኮትስዎልድስ የሚሉት አገር ነው፤ ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ወደ ቢጫ በሚያደላ የኖራ ድንጋይ የታነጸ። ድሮ በሱፍ ንግድ የከበረ አገር ነበር። አሁን በጎቹ አሉ፣ ቤቶቹን ግን የለንደን ሀብታሞች ለቅዳሜና ለእሑድ ገዝተዋቸዋል ይባላል። በሥራ ቀን መንደሩን የሚጠብቁት በጎቹ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የመጠጥ ቤቱን፣ እነሱ ፐብ የሚሉትን፣ ስም አልጠራም፤ በዚህ ዕድሜ ጠላት ማፍራት አያስፈልግም። የአውሬ ስም ነው እንበል። ሥዕሉ ከበሩ በላይ በብረት ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲወዘውዘው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ምልክት መስቀሉን ግዴታ ያደረገው የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1393 ጠላ ጠምቆ የሚሸጥ ሁሉ ምልክት ይስቀል ብሎ አዘዘ፤ ጠላውን እየቀመሰ የሚቆጣጠረው ሹም ቤቱን እንዳይስት። እኛ አገርም ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍቶ ይታወቃል፣ ንጉሥ ሳያዝዘው። ነገር ግን በእኛ ጣሳ ሥር አልጋ ይከራያል ብሎ በመቶ ፓውንድ የሚገባ ሞኝ እስካሁን አልተገኘም።

ገባን። የጣራው ወራጅ ዝቅ ያለ ስለሆነ አማቼ በግንባሩ ሰላምታ ሰጠው። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ዘሟል። ከእሳቱ ፊት አንድ ትልቅ ውሻ ተዘርግቷል፤ ገና ካባችንን ሳናወልቅ ለውሻው ውሃ በሳህን ቀረበለት። እኔ ደግሞ አስተናጋጅ ይመጣል ብዬ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ማንም አይመጣም። ፐብ ውስጥ መጠጥ የሚፈልግ ሰው ራሱ ባንኮኒ ድረስ ሄዶ ነው የሚያዘው፤ ሰልፍ የለም፣ ግን ሁሉም ተራው የማን እንደሆነ ያውቃል። ተራ የዘለለ ሰው ቢገኝ ማንም አይናገረውም፤ ዝም ብለው ያዩታል፣ ያው ነው። አማቼ ቢራ ይዞ ተመለሰ። ቢራው ከምድር ቤት በእጅ ፓምፕ የሚሳብ ሲሆን አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ከመኝታ ቤታችን አይበልጥም። ፍሪጅ ያልገዙት ተቸግረው መስሎኝ ነበር፤ «እማማ፣ እንዲህ ነው የሚጠጣው» አለኝ። 568 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ነገር በአንድ ብርጭቆ፣ በኩራት።

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ እራቱ። የእንግሊዝ ምግብ ለእንደኔ ዓይነቱ ጿሚ ይመቻል። ጾሙንና ፍስኩን በመቅመስ መለየት አይቻልማ! የተቀቀለ ድንቼን፣ አተሬን በልቼ፣ ዳዊቴን ደግሜ እተኛለሁ ብዬ ነበር። ዝርዝሩ ሲመጣ ኮርማ ይላል። ማድራስ፣ ቪንዳሉ፣ ቲካ ማሳላ ይላል። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ የቀበሮ አደን ሥዕል፣ የፈረስ ጌጥ፣ የነገሥታት ፎቶ። ከወጥ ቤቱ የሚመጣው ሽታ ግን የድንብላልና የከሙን ነው።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ጂኦሜትሪ ያስተማሩን ህንዳዊ ነበሩ፤ ያኔ በየከተማው ከኬረላ የመጡ መምህራን ሞልተው ነበር። ምሳቸውን በደርብ ደርብ ሳህን ይዘው ይመጡና ከፍተው ሲበሉ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ፒታጎረስን ይረሳል። እንዲያውም ህንድና እንግሊዝ አንድ ላይ ሆነው ሲመጡብን የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጋር መቅደላ ድረስ የመጣው ጦር አብዛኛው ከቦምቤይ የተጫነ የህንድ ወታደር ነበር፤ 44 ዝሆኖችም አብረው ተጭነዋል። ከመቅደላ ዘርፈው የወሰዱትን አብዛኛውን ሳይመልሱ አሁን ልጄ ለእራታቸው ትከፍላለች።

አማቼ ስልኩን አውጥቶ የህንድ ምግብ እንግሊዝ እንዴት እንደገባ ሊያስረዳኝ ጀመረ። ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁትን እኔን! አስቀመጥኩትና እኔ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1810 ዲን ማሆመድ የሚባል የፓትና ሰው ለንደን፣ ጆርጅ ጎዳና ላይ የህንድ ምግብ ቤት ከፈተ። ቅመሙ ጥሩ፣ የሚያጨሱት ሺሻም ነበረ። ግን ህንድ ኖሮ የተመለሰ ጌታ ሁሉ ቤቱ ወጥ ሠሪ ስላለው ማን ይምጣለት? በሁለት ዓመት ከሰረ። ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም፤ ብራይተን ወርዶ የእንፋሎት መታጠቢያ ከፈተና የሰው ገላ ማሸት ጀመረ። የወጡን ጥቅም ያልተረዱት መኳንንት ለመታሸቱ ተሰለፉ፤ ሁለት ነገሥታት፣ አራተኛው ጆርጅና አራተኛው ዊሊያም፣ ደንበኞቹ ሆኑ። እንግዲህ እንግሊዝን ከሆዱ በፊት በጀርባው ነው የገቡት።

የቀረውን የሠሩት የሲልሄት መርከበኞች ናቸው፤ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ሰዎች። በእንግሊዝ መርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ኖረው ወደብ ላይ ጠፍተው የቀሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ የተጎዱ ርካሽ ካፌዎችን ገዙ፤ ዓሣና ድንች ጥብሱን ሳይተዉ ወጡን ከጎኑ አስቀመጡ። ብልሃታቸው ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። ያኔ ፐቡ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ደወል ይደውልና ሰካራሙን ሁሉ ያስወጣው ነበር። ሰካራም ደግሞ ይርበዋል። ክፍት የሚያገኘው የእነሱን ቤት ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስድቡን ችለው፣ የተሰበረ መስተዋት ቀይረው፣ በልቶ ሳይከፍል የሮጠውን ከኋላው ሮጠው፣ የሰካራም ሆድ ሞሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ቲካ ማሳላ ብሔራዊ ምግባችን ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከመርከብ ሆድ ወጥቶ ሚኒስትር አፍ መግባት ቀላል አይደለም።

ፐቡ ራሱ ግን በቆዳ ቀለም በር የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። በርሚንግሃም አጠገብ ስሜዝዊክ በምትባል ከተማ ህንዶች ብረት ማቅለጫ ሲሠሩ ውለው ቢራ ቢያምራቸው ደህናው ክፍል ለነጭ ብቻ ነው ይባሉ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ታጋይ ማልኮም ኤክስ ሊገደል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965፣ እዚያ ሄዶ ፐብ ገብቶ አላስተናግድም ብለውታል። በዚያው ዓመት ይህን መድልዎ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ቀጥሎ የሆነውን ነው የምወደው። ፑንጃቦቹ ፐቦቹን ገዟቸው። አላስገባም ያለው ባንኮኒ ላይ ቆመው ቢራውን ይቀዳሉ፣ ከኋላ ዶሮውን በከሰል ይጠብሳሉ። ዛሬ ጠጪው የማይመጣለት አንዳንድ የገጠር ፐብም ወጥ ቤቱን ለህንድ ምግብ ሠሪዎች እየሰጠ ነው ነፍሱን የሚያቆየው። ድሮ ሰካራሙ ከፐብ ወጥቶ ወደ ወጡ ይሄድ ነበር፤ አሁን ወጡ ራሱ ፐብ መጣለት።

እኔ ግን ዓርብ ነው። አንድ ለጋ ልጅ ሊታዘዘን መጣ፤ ለካ ለምግብ ሲሆን ይመጣሉ። ወተትና ቅቤ የነካው ነገር አልበላም አልኩት። የእንግሊዝ ሕግ ምግብ ሻጭን ሰው ሊጎዱ የሚችሉ 14 ነገሮችን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ዝርዝሩን አየሁት፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፤ ግብጦ ሳይቀር አለበት፣ የጎጃም ሰው ይስማ። ጾም የሚል ግን የለም።

«አለርጂ አለብዎት?» አለኝ።

«አዎ። ረቡዕና ዓርብ።»

ልጁ ጻፈ። ከዚያ ደንገጥ ብሎ፣ «ከባድ ነው? ማለቴ ለሕይወት ያሰጋል?»

«ለዘለዓለማዊው ሕይወት» አልኩት።

ይህንንም ጻፈ።

ብዙም ሳይቆይ ወጥ ሠሪው ራሱ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ፤ ሰው ሊሞትበት ነው ብሎ። ጺሙ የሸበተ የሲልሄት ሰው ነው። ጾም መሆኑን ስነግረው ትከሻው ወረደ፣ ሳቀም። እሱም ሰኞና ሐሙስ ይጾማል። አሰላነው፤ ከሳምንቱ የሥራ ቀናት ሁለታችን አብረን ምሳ የምንበላበት ማክሰኞ ብቻ ነው የቀረው። እንደ አገሩ ወግ አክስቴ እያለ ነው የሚያዋራኝ። «አንተ እስላም ሆነህ መጠጥ ቤት ምን ትሠራለህ?» አልኩት፤ ካልጠየቅሁ አላድርም። «አክስቴ፣ እኔ ድስቱ ጋ ነኝ፤ ጠርሙሱ ጋ ሌላ ሰው አለ» አለኝ።

የመጣልኝን በላሁ። ምስር ነው፤ ቅቤ የሌለው፣ በዘይት የተቁላላ። አይከፋም። የልጄን ኮርማ ግን በማንኪያ ጫፍ አሸተትኩት፤ ኮኮናት፣ ክሬም፣ ስኳር። ለታመመ ልጅ እንደሚሰጥ አጥሚት ነው። ከጎናችን የተቀመጠ ቀይ ፊት እንግሊዛዊ ቪንዳሉ አዝዞ ላቡን በናፕኪን እየጠረገ፣ ግማሹን በሩዝ ግማሹን በተጠበሰ ድንች ይበላል። ቪንዳሉ ከጎዋ የመጣ የፖርቱጋሎች ወጥ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ባልተሰቃየ። ደግሞ እያንዳንዱ በየሳህኑ! ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቦታ ሲበላ ማየት ያማል። ልጄን ላጎርሳት እጄን ብዘረጋ ውሻው ብቻ ነው ቀና ያለው።

ልጄ መረቁን አደነቀች። እኔ ግን የወጥ ሠሪውን ምስጢር ቀደም ብዬ አውቀዋለሁ፤ ለንደን ያለ የህንድ ቤት አብዛኛው እንዲሁ ነው የሚሠራው። ጠዋት በትልቅ ድስት ሽንኩርት ይቀቀላል። አዎ፣ ይቀቀላል! ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቅመሙ ጋር ይበስልና ይፈጫል። ማታ ከዚያው ድስት እየተጨለፈ ክሬም ሲገባበት ኮርማ፣ በርበሬ ሲገባበት ማድራስ፣ በርበሬው ሲብስ ቪንዳሉ ይሆናል። በአሥር ደቂቃ ሳህን ላይ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ማማሰያዋን ታነሣለች። ቁሌት እንዲህ ነው? ሽንኩርት በደረቁ፣ በቀስታ፣ እያማሰሉ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ጠረኑ እስኪጠፋ ድረስ ነው እንጂ።

ክፍሌ ወጥ ቤቱ ራስ ላይ ነበር። ውሃው ሁለት ቧንቧ ነው፤ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ያደነዝዛል፣ መታጠብ መሃሉ ላይ ነው፣ መሃሉ ግን አልተሠራም። ደወሉ ተደውሎ ጠጪው ወጥቶ፣ ሥዕሉ ሲጥ ሲጥ እያለ ጋደም ካልኩ በኋላ ከወለሉ ሥር ሌላ ሽታ መጣ። ማታ ያልነበረ። ሰናፍጭ፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣን የሚያስንቅ አንድ ነገር። ነጠላዬን ደርቤ፣ ደረጃውን ግድግዳ እየደገፍኩ ወረድኩ።

ወጥ ሠሪውና ሁለት ረዳቶቹ የቢራ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው እራታቸውን ይበላሉ። በእጃቸው! ነጭ ሩዝ፣ ቀጠን ያለ ምስር፣ በጥሬ ሽንኩርትና በሰናፍጭ ዘይት የታሸ ድንች። ክሬም የለ፣ ስኳር የለ። ናጋ የሚሉት የተጨማደደ ቃሪያ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ጫፉን ብቻ ሩዙ ላይ ይነካኩታል። ሰናፍጭ የጾም ዘመዴ ነው። እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ። አልጠየቁኝም፣ ቦታ ሰጡኝ። ዓይኔ ያለቀሰው ከወጥ ቤቱ ጭስ ነው፤ ረዳቶቹ ሲስቁ ሌላ ነገር መስሏቸው ነው።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። «ይህን ለምን ለእኛ አልሸጣችሁልንም?» አልኩት። «አጥሚቱን ለእንግዳ፣ ወጡን ለራሳችሁ?»

«አክስቴ፣ ይህንን ማን ይገዛል?» አለኝ ሩዙን እየጠቀለለ። «አባቴ መጀመሪያ እንዲህ ሠርቶ ሸጠ። ደንበኛው በርበሬው በዛ አለው፤ ቀነሰ። ጎምዛዛ ነው አለው፤ ስኳር ጨመረ። መረቁ ትንሽ ነው አለው፤ ክሬም አፈሰሰ። እኔን ደንበኛው አስተማረኝ፣ ቤት ገዛልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የእኛስ ወጥ እንዴት ነው የሚሠራው አለኝ።

ነገርኩት። ሽንኩርቱን፣ በርበሬው የሚደለዝበትን፣ ንጥር ቅቤውን፣ የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት በሎሚ እያጠቡ ማጥራቱን፣ እንቁላሉን፣ ሦስት ቀን የሚቦካውን እንጀራ። ማኘኩን አቁሞ ሰማኝ። «ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት?» አለ። ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው አልኩት። «ጋዙን ማን ይከፍላል?» ብሎ ረዳቶቹን አየ። «አክስቴ፣ ሽንኩርቱን ቀቅይው፤ ዶሮውን ያለ አጥንት አድርጊው፤ በላዩ ክሬም። በአምስት ዓመት የእንግሊዝ መንደር ሁሉ ዶሮ ወጥ ይበላል።»

ተነሣሁ። ማለት ሳህኑ ሲያልቅ ተነሣሁ። አብዮቱ ካሰደደን ጊዜ ጀምሮ ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍተናል፤ ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉን፣ ፈረንጅም ይመጣል። ግን የገጠር ፐብ ውስጥ ገብተን እኔ አላየሁም። ሥራ ጠልተን አይደለም፤ እጃችንን ማሳጠር አልቻልንበትም። ወጡ እንዳለ ይውሰዱት ወይም ይተዉት እንላለን፣ እነሱ ይተዉታል፣ እኛ እርስ በእርሳችን እንጎራረሳለን። ቁጭት አለብኝ፤ ኮትስዎልድስ ውስጥ በተሰቀለ ሥዕል ሥር መሶብ ማየት እፈልጋለሁ። ግን በዶሮ ወጥ ላይ ክሬም የሚያፈስ እጅ ይሰበር! ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ ዕድሜዬ የሰጠኝ መብት ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ የአሳማ ቋሊማ፣ የአሳማ ጥብስና ከደም የተሠራ ጥቁር ቋሊማ በአንድ ሳህን አሰልፈው አቀረቡልኝ። ሦስት ኃጢአት ሲሆን ከጎኑ ባቄላ ለማስተስረያ። ሻይ ብቻ ጠጣሁ። መኪና ውስጥ የወጥ ሠሪውን ምክር ለልጄ በንዴት ነገርኳት፤ እሷ ከእኔ ጋር ተናደደች፣ ተመስገን። አማቼ ግን አልተናደደም። ልጄ መንዳት ስትጀምር ከጎኗ ተቀምጦ ስልኩን አወጣና አንድ ነገር ማስላት ያዘ። «እማማ፣ ያለ አጥንት ቢሆን ግን...» አለ። ጨርሶ እንዲናገር አልፈቀድኩለትም። ያ ስልክ ላይ የክሬም ዋጋ ተጽፎ ካገኘሁ ልጄን አስፈትቼ እወስዳታለሁ፤ ሽማግሌ ቢልክም አልሰማ።